ሸርጣን፣ ዓሣ ነባሪ እና ዓሣ ከኤ4 ወረቀት፦ የኦሪጋሚ (ወረቀት እያጠፉ ቅርጽ የማውጣት ጥበብ) አሠራር ደረጃ በደረጃ

«እኛ ስናጥፈው ለምን ይጣመማል?»

ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ደብረ ብርሃን በምኖርበት ቤት መስኮት ላይ የወረቀት ዓሣዎችና ሸርጣኖች ደርድሬያለሁ። የጎረቤት ልጆች ያዩዋቸዋል፣ ቤታቸው ሄደው ይሞክራሉ። ከዚያ እናት ወይም አባት የተጨማደደ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ለሁላችሁም ይድረስ ብዬ ነው።

መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም፤ የካሬው ነው። አራቱም ጎኑ እኩል ባልሆነ ወረቀት የቱንም ያህል ብትጠነቀቁ ጫፍና ጫፍ አይገናኝም። የሁለት ሚሊ ሜትር ስሕተት መጀመሪያ ላይ አትታይም። አምስተኛው እጥፋት ላይ ስትደርሱ ግን የዓሣው ጭራ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ካሬው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ እባካችሁ አትዝለሉት።

ሦስት ፍጥረታት አሳያችኋለሁ። ቅደም ተከተሉ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው፦ ሸርጣን፣ ዓሣ ነባሪ፣ ዓሣ። በዚሁ ቅደም ተከተል ሥሩ፤ በሸርጣኑ የለመዳችሁት እጅ ለዓሣው ያስፈልጋችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 80 ግራም ኤ4 ወረቀት፣ 10 ሉክ ያህል። ሙሉ ደስጣ መግዛት አያስፈልግም፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ጠይቁ።
- መቀስ
- ማስመሪያ
- እርሳስና ባለቀለም እርሳሶች
- የሾርባ ማንኪያ (እጥፋት መጫኛ)
- ጠንካራ ጠረጴዛ። ከሌለ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መጽሐፍ ጉልበታችሁ ላይ አድርጉ። ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ላይ አይሆንም፤ ሥሩ ስለሚሰምጥ መስመሩ ቀጥ አይልም።
- ክርና መርፌ፣ ማንጠልጠል ለምትፈልጉ ብቻ

ለኦሪጋሚ ተብሎ የሚሸጥ ባለቀለም ወረቀት አለ። እኛ ጋ ማግኘት ስለሚያስቸግር እሱን አትጠብቁ። ኤ4 በደንብ ይሠራል። የደብተር ሉክ ለመለማመጃ ጥሩ ነው፤ ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ይታጠፋል። ብቻ ከደብተሩ የተቀደደበትን ጎን በመቀስ ቀጥ አድርጉት። ያለፈ ዓመት ካላንደር ወፈር ስለሚል ለሸርጣን ይሆናል፤ ለዓሣው ግን ብዙ ድርብ ስላለ አይመችም። የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ከሁሉም ያምራል፤ ነገር ግን በማንኪያ ከተጫነ ቀለሙ መታጠፊያው ላይ ተልጦ ነጭ መስመር ያወጣል። እሱን በጣት ብቻ ጫኑት። ሶፍትና ጋዜጣ ይቅሩ፤ መታጠፊያቸውን አይዙም።

ነጩን ወረቀት ቀለም መቀባት ከፈለጋችሁ ካሬው ከተቆረጠ በኋላ፣ ከመታጠፉ በፊት በባለቀለም እርሳስ አንዱን ገጽ ብቻ ቀቡት። የውኃ ቀለም ወረቀቱን ያኮማትረዋል።

አንድ ነገር ስለ ክረምት። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ቤት ድረስ ሲገባ ወረቀትም እርጥበት ይጠጣል። ያን ጊዜ ልፍስፍስ ይላል፤ ያጠፋችሁት መስመርም መልሶ ይከፈታል። ወረቀቱን ፌስታል ውስጥ ጠቅልላችሁ ከከባድ መጻሕፍት ሥር አስቀምጡት። ቶሎ ይድረቅልኝ ብላችሁ ማንደጃ አጠገብ አታድርጉት። አንዱ ጎን ቀድሞ ሲደርቅ ይቆለመማል፤ ከእሳት አጠገብ መሆኑም አደጋ ነው።

ሁለት ቃላት ብቻ ያዙልኝ

ሸለቆ እጥፋት፦ ወረቀቱን ወደ ራሳችሁ ስታጥፉት መስመሩ ወደ ታች ይገባል።

ተራራ እጥፋት፦ ወረቀቱን ወደ ኋላ ስታጥፉት መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል።

ለልጆች ስነግራቸው ጣርማ በር አናት ላይ ቆማችሁ ብታዩ የቆማችሁበት ተራራ ነው፣ ቁልቁል የሚታያችሁ ሸለቆ ነው እላቸዋለሁ። አይረሱትም። ሸለቆ የሆነው መስመር ወረቀቱን ስትገለብጡት ተራራ ይሆናል። ይህን መያዝ ዓሣው ላይ በጣም ያስፈልጋል።

ካሬውን ማውጣት

1. ኤ4ን በቁመቱ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። መጠኑ 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው።

2. የላይኛውን ግራ ጥግ ይዛችሁ ወደ ቀኝ ረጅሙ ጠርዝ አምጡት። አጭሩ ጠርዝ ረጅሙ ላይ ልክክ ብሎ መተኛት አለበት። ጥጉን ብቻ አትዩ፤ ጠርዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ እዩ። ጥጉ ገጥሞ ጠርዙ የሸሸ ከሆነ ካሬው ከአሁኑ ተበላሽቷል ማለት ነው።

3. በአንድ እጅ ጠርዙን እንደያዛችሁ በሌላው ጣት መታጠፊያውን ከመሃል ወደ ሁለቱ ጫፎች ጫኑ። ከጫፍ ከጀመራችሁ ወረቀቱ እየተገፋ ይሸሻል።

4. ከታች 8.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ትርፍ ይቀራል። ማስመሪያውን በሦስት ማዕዘኑ የታች ጠርዝ ላይ አድርጋችሁ በእርሳስ አስምሩና ቁረጡ። ያለ መስመር በዓይን አትቁረጡ።

5. ወረቀቱን ዘርጉና ፈትሹ። በሌላኛው ሰያፍ በኩል ጥግ ከጥግ አገናኙት፣ ግን አትጫኑት። ጠርዞቹ ከተገጣጠሙ ካሬ ነው። አንዱ ጠርዝ ካለፈ ያለፈውን በመቀስ አስተካክሉ። ይህ ፍተሻ ግማሽ ደቂቃ ነው የሚወስደው፤ ከላይ የነገርኳችሁን ጣጣ ሁሉ ያስቀራል።

ትርፉን አትጣሉት። ከእሱ 8.7 ሴንቲ ሜትር ጎን ያላቸው ሁለት ትናንሽ ካሬዎች ይወጣሉ። ትልቁን ስትለምዱ ግልገል ዓሣዎች ትሠሩባቸዋላችሁ።

ማሳሰቢያ፦ ለትንንሽ ልጆች መቀሱን ትልቅ ሰው ይያዝ። ልጆቹ እጥፋቱን ብቻ ይሥሩ።

ሸርጣን

አብረውኝ ከሚሠሩት ልጆች አብዛኞቹ ባሕር አይተው አያውቁም። ስለዚህ እያጠፍን የእንስሳውን አካል እነግራቸዋለሁ። እግሩ የት እንደሆነ ያወቀ ልጅ እጥፋቱን አይስተውም። ሸርጣን አሥር እግር አለው። የፊቶቹ ሁለቱ መቆንጠጫ ሆነዋል፤ በስምንቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጎን ይሄዳል። እኛ መቆንጠጫዎቹን እናጥፋለን፣ ስምንቱን እንሥላለን።

1. ካሬውን በሰያፍ አጥፋችሁ ሦስት ማዕዘን አድርጉ። ቀለም ከቀባችሁ ቀለሙ በውጭ ይሁን። የታጠፈው ረጅም ጎን ወደ እናንተ፣ ሹሉ ወደ ላይ።

2. የቀኙን ጫፍ ከግራው ጋር አገናኙና የታችኛው ጎን መሃል ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ቆንጥጡ። ከዚያ መልሱት። እስከ ላይ አትጫኑ፤ ሙሉ መስመር ከገባ የሸርጣኑ ፊት መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ይታያል። እኛ የምንፈልገው የመሃሉን ምልክት ብቻ ነው።

3. የቀኙን ጫፍ ከመሃል ምልክቱ ጀምራችሁ ወደ ላይ አጥፉ። ጫፉ ከላይኛው ሹል በስተ ቀኝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከሹሉም አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይረፍ። የግራውንም እንዲሁ። ሁለቱንም ሳትጫኑ አስተያዩዋቸው፤ እኩል ሲሆኑ ነው የሚጫነው። አንዱን ቀድማችሁ ከጫናችሁ ሌላውን እሱን ለማስመሰል ስትሉ ድርብ መስመር ታወጣላችሁ።

4. ገልብጡት። አሁን ሹሉ ከፊት፣ መቆንጠጫዎቹ ከኋላ ናቸው። ሹሉን ከጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ ታች አጥፉት። ከመገልበጣችሁ በፊት ካጠፋችሁት ክንዶቹ ያግዱታል፤ ቅደም ተከተሉ ለዚህ ነው።

5. ከታች ያለውን ሹል 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አጥፉት። ይህ የተራራ እጥፋት ነው። ብዙ ድርብ ስለሚገናኝበት በማንኪያው ጀርባ ጫኑት። ሸርጣኑን የሚያሰፋው ይህ እጥፋት ነው፤ ያለ እሱ አበባ ነው የሚመስለው።

6. ዓይኖቹንና በየጎኑ አራት አራት እግር ሣሉ። የመቆንጠጫዎቹን ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ሰንጠቅ ብታደርጓቸው የበለጠ መቆንጠጫ ይመስላሉ።

ዓሣ ነባሪ

ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም። በሳንባው ይተነፍሳል፣ ልጁን ያጠባል። ለእኛ ሥራ የሚጠቅመን ልዩነት ግን ጭራው ላይ ነው። የዓሣ ጭራ ቁመቱን የቆመ ነው፤ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የዓሣ ነባሪ ጭራ ጠፍጣፋ ተኝቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። መጨረሻ ላይ ጭራውን ግራና ቀኝ የምንዘረጋው ስለዚህ ነው።

1. ካሬውን ጥጉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዲሆን አስቀምጡ፤ ቀለሙ ከታች። ካሬውን ስታወጡ የገባው ሰያፍ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይጋደም። የቀኙ ጥግ ጭራ፣ የግራው ራስ ይሆናል።

2. ከቀኙ ጥግ የሚነሡትን ሁለት ጠርዞች ወደ መሃል መስመሩ አጥፉ። መስመሩን አይንኩት፤ አንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ። ይህን ብዙ ሰው ንቆ ያልፈዋል። ኋላ ላይ መሃሉ ለሁለት ሲታጠፍ ጠርዞቹ ከተነካኩ እርስ በርስ ተገፋፍተው ወረቀቱ ያብጣል።

3. በግራ በኩል ሳይሸፈን የቀረውን ሦስት ማዕዘን ወደ ቀኝ አጥፉት። መስመሩ የሁለቱ ጠርዞች ጫፍ የሚያልቅበት ላይ ልክ ይዋል። ራሱ አሁን ድፍን ሆኗል።

4. የታችኛውን ግማሽ ወደ ላይ አጥፋችሁ ከላይኛው ጋር ግጠሙት። የታጠፉት ክንፎች በውስጥ ይቀራሉ። ድፍኑ መታጠፊያ ከታች፣ ማለት ሆዱ፤ ክፍቱ ከላይ፣ ጀርባው። ተገልብጦ ከታጠፈ ቀጣዩ ደረጃ አይሠራም።

5. ከጭራው ጫፍ 7 ሴንቲ ሜትር ላይ ጭራውን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አጥፉና በማንኪያ ጫኑ። መልሱት። ገልብጣችሁ በዚያው መስመር ወደ ሌላው ጎን አጥፉና እንደገና ጫኑ። መልሱት። ወረቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ መታጠፍ ካልለመደ ቀጥሎ ሲገፋ በፈለገው ቦታ ይሰበራል።

6. አሁን ጀርባውን በትንሹ ክፈቱና የጭራውን ድፍን መታጠፊያ በአውራ ጣት ከታች ወደ ውስጥ ግፉት። ጭራው በሁለቱ ጎኖች መካከል አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ውስጥ መገልበጥ የሚባለው ይህ ነው። እንቢ ካለ አትታገሉት፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱና መስመሩን ደግማችሁ ጫኑ። ሲገባ ጎኖቹን ዝጉና ጫኑ።

7. የጭራውን ጫፍ በዓሣ ነባሪው ራስ በኩል ባለው መታጠፊያ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ሰንጥቁ። ሁለቱን ግማሾች ግራና ቀኝ ዘርጉ።

8. ዓይኑን ወደ ታች ዝቅ አድርጋችሁ ሣሉ። ከፍ ካለ ዶሮ ይመስላል።

ዓሣ

ይህ እንደ ቢራቢሮ ሰፋ ያለ ዓሣ ነው። እንዲህ ያሉ ጠፍጣፋና ደማቅ ዓሣዎች በቀይ ባሕር ኮራሎች መካከል አሉ። አካላቸው ቀጭን ስለሆነ በጠባብ ስንጥቅ ሾልከው ያልፋሉ። የምንሠራውም ቀጭን ሰሌዳ የመሰለ ዓሣ ነው፣ ከታች በቀኝና በግራ የተከፈለ ጭራ ያለው።

1. ነጩ ገጽ ወደ ላይ። ሁለቱንም ሰያፎች በሸለቆ አጥፉና ዘርጉ። ኤክስ ይወጣል።

2. ወረቀቱን ገልብጡ። ከላይ ወደ ታች እንደ መጽሐፍ ለሁለት አጥፉና ዘርጉ። እንደገና ገልብጡ። አሁን ኤክሱ ሸለቆ፣ አግድሙ መስመር ተራራ ነው። ዓሣው የማይሰበሰብላቸው ሰዎች ወረቀታቸውን ሳይ ብዙ ጊዜ ሳይገለብጡ ያጠፉት ናቸው፤ ሦስቱም መስመር ሸለቆ ሆኖባቸዋል። መሃሉን በጣት ጠቅ አድርጉት። ቅርጹ ተሰብስቦ ልነሣ ካለ መስመሮቹ በትክክል ገብተዋል።

3. የአግድሙን መስመር ሁለት ጫፎች ይዛችሁ ወደ መሃል አቀራርቧቸው። የላይኛው ግማሽ በታችኛው ላይ ይወርዳል። አስተኝታችሁ ስትጫኑት ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ ሹሉ ከላይ፣ ከታች 21 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 10.5 ቁመት። በቀኝ ሁለት ክንፍ፣ በግራ ሁለት ክንፍ መቁጠር አለባችሁ። ሦስትና አንድ ከሆነ አንዱን ወደ ጎደለው ጎን ገልብጡት።

4. ከላይ ያለውን የቀኝ ክንፍ ብቻ ያዙ። ከሹሉ ተነሥቶ የታችኛው ጎን መሃል ካለፈ በኋላ በስተ ቀኝ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ በሚያርፍ መስመር ወደ ግራ አጥፉት። የክንፉ ጫፍ ከታችኛው ጎን አልፎ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህ የጭራው አንድ ግማሽ ነው። ገና አትጫኑት።

5. የግራውንም የፊት ክንፍ በዚያው ልክ ወደ ቀኝ አጥፉትና በመጀመሪያው ላይ አስተኙት። ሁለቱ ተመሳቀሉ። መታጠፊያው በመጀመሪያው ክንፍ ጠርዝ ላይ ከዋለ ልክ ነው፤ ሹሉ በሦስት እኩል ተከፍሏል ማለት ነው። ጭራዎቹ ካልተስተካከሉ አሁን አስተካክሉ፤ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ ጫኑ።

6. ገልብጡት። ሹሉ አፍ ነው፣ የኋላ ክንፎቹ ጫፎች የላይና የታች ክንፍ፣ ሁለቱ ጫፎች ጭራ። ዓይንና ቋሚ መስመሮች ሣሉለት።

አንድ ልጅ ዓሣውን ይዞ «በበሬሳ ወንዝ ብንለቀው ባሕር ይደርሳል?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። ወረቀቱ አይደርስም፣ ውኃው ግን ይደርሳል፤ በጀማ ወንዝ በኩል ዓባይ ገብቶ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ ይወርዳል። ወንዝ ላይ መልቀቅ ለምትፈልጉ፦ ተራ ወረቀት ወዲያው ይርሳል፣ ቆሻሻም ይሆናል። እቤት ይቆይ።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

ጫፉ ተሰንጥቆ ነጭ ክር የሚያወጣ። ይህ ወረቀቱ ሲወፍር ወይም አንድ መስመር ሦስት አራት ጊዜ ሲጫን ነው። መጀመሪያ በቀስታ አጥፉ፣ አስተያዩ፣ ከዚያ አንዴ አጥብቃችሁ ጫኑ።

የፊቱን ክንፍ ሲያጥፉ የኋላውንም አብሮ መያዝ። ዓሣው ላይ የሚበዛው ይህ ነው። ያን ጊዜ ክንፍ አይቀርለትም፤ ጭራ ብቻ ይሆናል። ከማጠፋችሁ በፊት የኋላውን ክንፍ በሌላ እጅ ጠረጴዛው ላይ አስይዙ።

በትንሽ ወረቀት መጀመር። ትንሹ የሚቀል ይመስላል። በተቃራኒው ነው፤ በ8.7 ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መሳት ትልቅ ስሕተት ነው። መጀመሪያ በ21ዱ ሥሩ።

በእርጥብ እጅ ማጠፍ። ልጆች ሻይና ዳቦ ከበሉ በኋላ እጃቸውን ታጥበው ያድርቁ። ቅባት የነካው ወረቀት ቀለም አይቀበልም።

ማንጠልጠል ለምትፈልጉ

ክሩን ከመውጋታችሁ በፊት ሚዛኑን ፈልጉ። እንስሳውን በሁለት ጣት ጫፍ ይዛችሁ ወዲያ ወዲህ አድርጉት፤ ሳያዘነብል የሚቆምበት ቦታ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። ዓሣ ነባሪው ራሱ ላይ ብዙ ድርብ ስላለው ሚዛኑ ከመሃሉ ይልቅ ወደ ራሱ ይቀርባል። ነጥቡ ላይ በውስጥ በኩል ትንሽ ስኮች ለጥፉና በስኮቹ ላይ ውጉ፤ ያለ ስኮች ክሩ ወረቀቱን በጥቂት ቀን ይቀደዋል። ከዚያ ከቀጭን እንጨት ወይም ከሸምበቆ ላይ በተለያየ ቁመት እሰሯቸው። ቁመታቸው ከተለያየ ሲዞሩ አይጋጩም። በር ሲከፈት በምትገባው ነፋስ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ።

የምትሰቅሉበት ቦታ ከማንደጃ፣ ከሻማና ከአምፖል ይራቅ። በብርዱ ጊዜ ማንደጃው ከክፍል ክፍል ስለሚዘዋወር ከሥሩ ፍም የማይቀመጥበትን ጥግ ምረጡ፤ እኔ ከመስኮቱ ሌላ ያገኘሁት ቦታ የመጽሐፍ መደርደሪያው አናት ነው።